ከሥር ያለው ድምፅ፦ ቤዝ ተጫዋቹ መምህር ሄኖክ ተመስገን

አዘጋጆቹ «ከታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ የጠበቁት ስለ ጥቁር አንበሳ የተማሪነት ዘመን ወይም ስለ አምቦ ሆስፒታል እንደሚሆን ይገባኛል። ስለ ሕክምና ግን ከኔ በላይ የሚጽፉ አሉ። እኔ የመረጥኩት ስለ አንድ ቤዝ ተጫዋች ነው። «ዶክተሯ ምን ነካት?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩ መጨረሻ ላይ ወደኛው ሰፈር፣ ወደ አምቦና ጉደር፣ ደግሞም ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ይመጣል። ዓመተ ምሕረቶቹን «ዓ.ም.» ያልኩባቸው ብቻ የኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ሌሎቹ የፈረንጅ ናቸው።

የሙዚቃ ታሪካችን የሚነገረው በዘፋኞች ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉባት ወሊሶም ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ተብላ ሳትለይ በፊት ከኛው ዞን ጋር የምትቆጠር ከተማ ነበረች። ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ልጅ ነው፤ ይህንን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ታዲያ ከነዚህ ድምፆች ኋላ ቤዙን ይዞ የቆመው ማን ነበር? አሥር ሰው ብጠይቅ ዘጠኙ አይመልሱልኝም። አሥረኛው ሙዚቀኛ ነው።

ቤዝን መስማት በትምህርት የሚገኝ ችሎታ ነው። ይህን የምለው ከሙያዬ ተነሥቼ ነው። ሕክምና የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቶንሲል ሲደጋገም በሚመጣው የልብ ሕመም አንዱ የልብ በር ይጠባል፣ ደሙም ሲያልፍ በጣም ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ያሰማል። ያንን ድምፅ በስቴቶስኮፑ ጠፍጣፋ ጎን ብትፈልጉት አታገኙትም። በሽተኛውን በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ የደወል ቅርጽ ያለውን ጎን ቀስ ብላችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ያኔም ቢሆን ተማሪው መጀመሪያ «ምንም አልሰማም» ይላል። በአሥረኛው በሽተኛ ላይ ይሰማዋል። ድምፁ ከበፊቱም ነበረ፤ የተለወጠው ጆሮው ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ የሰው ጆሮ መስማት ከሚጀምርበት ወለል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሰው ዘፈኑን ሲያንጎራጉር ቤዙን አያንጎራጉረውም፤ ቤዙ ሲጠፋ ግን «ምን ጎደለ?» ብሎ ዘወር ይላል።

ደግሞም ቤዝ ለኛ ጆሮ እንግዳ ነው። ዝቅ ያለ ድምፅ አጥተን አይደለም። የበገና አሥር ክሮች ከቆዳው እንዚራ ጋር ሲያጉረመርሙ ደረት ውስጥ ይገባሉ፤ የከበሮም ሰፊው ጎን አለ፤ በሸዋ ኦሮሞ ረገዳ ላይ መሬቱን የሚመታው እግርም አለ። እንግዳ የሆነው ከዜማው ተለይቶ፣ ከሥር፣ የራሱን መንገድ የሚሄድ ድምፅ ነው። ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ክራሩ በአብዛኛው ዘፋኙን ተከትለው ያንኑ ዜማ ነው የሚጫወቱት። ቤዝ የሚጫወት ሰው ግን ዜማው ውስጥ የሌለ ነገር መወሰን አለበት። በትዝታ ወይም በባቲ ይህ ብዙ አያስቸግርም። አንቺሆዬ ላይ ግን ድምፆቹ አንዳንድ ቦታ በጣም ተጠጋግተው ሌላ ቦታ በጣም ይራራቃሉ፤ ከፈረንጅ መጽሐፍ የተማረው ስምምነት አይገጥምም። ከሥር የትኛውን ድምፅ ብታስቀምጥ ነው ዜማው ዜማ ሆኖ የሚቀረው? አንዱን ብታስቀምጥ ዘፈኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዘነብላል፤ ሌላውን ብታስቀምጥ ሆቴል ውስጥ ይገባል። ጭክችካውም እንዲሁ ነው። ስድስቱን ምት በሁለት ከፍሎ መርገጥ ይቻላል፣ በሦስትም ይቻላል፤ አድማጩ በየትኛው እንደሚወዛወዝ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቤዙ ነው።

ይህን ውሳኔ የሚወስነው ሰው ከየት ይማራል? የታሪኩ ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

መጀመሪያ ከአርመኖች ነው የተማርነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ ልጆች ያሠለጥኑ የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ኖታ ማንበብንና በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ መጫወትን ለባንዶቻችን አስተማሩ። ነርሲስ ብዙ በሠሩበት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በስድሳዎቹ ዓመታት የጥበብ ኃላፊ የነበሩት ደግሞ ከአምቦ አጠገብ የቦዳ ተወላጅ የሆኑት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። ይህን የምጠቅሰው ለአገር ልጅ ሞገስ ለመስጠት ብቻ አይደለም። አምቦ «ሐገረ ሕይወት» በምትባልበት ዘመንም ቢሆን ከዚህ የወጣ ሰው ከዘመናዊው ሙዚቃ ቤት ሩቅ አልነበረም ለማለት ነው። በነገራችን ላይ ዩኒቨርሲቲያችን የቴአትር ትምህርት ክፍል ሲያቋቁም ከመሥራቾቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ የኤሌክትሪኩ ዘመን መጣ። ራስ ሆቴል የሚጫወተው አይቤክስ ባንድ ጆቫኒ ሪኮን ይዞ ነበር፤ ሒልተን የሚጫወተው ዋልያስ መላኩ ገብሬን። ኋላ አይቤክስ ሮሃ ሆነ፤ በካሴት ዘመን ስንቱን ዘፋኝ እንዳጀበ የድሮ ካሴት ሽፋን ያገላበጠ ያውቃል። የነዚህ ሰዎች ጣቶች የአንድ ሙሉ ትውልድ ጆሮ ሠርተዋል። ትምህርት ቤታቸው ግን መድረኩ ራሱ ነበር፤ አንዱ ከሌላው እያየ፣ ከሸክላ እየሰማ ነው ያደገው።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ነበር። በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የተመለሱት አሸናፊ ከበደ የዛሬውን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው መሠረቱት። እሳቸው ኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1971 ዶክትሬታቸውን ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ የጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃን ሥር የሚመረምረውን መጽሐፋቸውን በ1982 አሳተሙ፤ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1998 አረፉ። ያሬድ ትምህርት ቤት በቡልጋሪያ እርዳታ ሕንፃ አገኘ፣ የቡልጋሪያ መምህራንም መጡለት። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ ከዚያም ክራርና ማሲንቆ ይማሩበታል። ጃዝ ግን ለረጅም ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ነበር፤ ማታ የሚሠራ የሆቤል ሥራ ተደርጎ ነው የታየው። ከጅማ ተነሥተው፣ ምሕንድስና ሊማሩ ዌልስ ተልከው፣ ለንደን ላይ ወደ ሙዚቃ ዞረው፣ ቦስተን በርክሊ የገቡት ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ይዘው ሲመጡም ቦታቸው በአብዛኛው ክለቡና ስቱዲዮው ነበር። ሃርቫርድ በ2007 ለተመራማሪነት ጋበዛቸው፣ በርክሊም በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የውጭዎቹ ቀድመውናል ብል ማንንም የምበድል አይመስለኝም።

እንግዲህ ሄኖክ ተመስገን የሚገቡት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ትውልዳቸው መድረኩ የተሰበረበት ትውልድ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የማታውን ሙዚቃ አነቀው፤ ሌሊት የሚጫወት ሰው ቤቱ መግባት አይችልም፣ ቤቱ የገባ ደግሞ መጫወት አይችልም። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከአባላቱ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ቀጥላ የሙዚቃችን ሁለተኛ ከተማ ሆነች።

እዚያ ነው በ1984 «አድማስ» የተባለው ቡድን «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ሸክላ በራሱ ወጪ ያሳተመው። ቴዎድሮስ አክሊሉና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዮታ ኪቦርድ ላይ፣ ሄኖክ ቤዝ ላይ። ዘፋኝ ፊት ለፊት የቆመበት ሥራ አይደለም። የኛ ዜማ ከሬጌ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሃይላይፍ፣ ከብራዚል ሳምባ ጋር የተገናኘበት ነው፤ ከበሮውን በከፊል ማሽን ይመታዋል። ያኔ እምብዛም ሰው ጆሮ አልሰጠውም። በ2020 እንደገና ሲታተም የዓለም ሙዚቃ አሳዳጆች እንደ አዲስ ነገር ተቀባበሉት። እኔ ደጋግሜ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ ኪቦርዱ ነው ጆሮ የሚስበው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ግን ሬጌውን ሬጌ፣ ሳምባውን ሳምባ እያደረገው ያለው ከሥር ያለው ሰው እንደሆነ ይገለጥላችኋል። ዜማው ከላይ አልተነካም፤ አገሩን እየቀየረ ያለው ቤዙ ነው።

ሄኖክ በአሜሪካ በርክሊ ተምረዋል፤ ለታላላቆቹ ዘፋኞቻችንም ቤዝ ሲጫወቱ ብዙ ዓመት ኖረዋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ታሪክ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጥሩ ኑሮ፣ ጥሩ ስም፣ በበጋ ለጉብኝት መምጣት፣ አየር ማረፊያ ላይ መላቀስ። ከክፍል ጓደኞቼ ስንቶቹ በዚያው መንገድ እንደሄዱ የኛን ባች ፎቶ ያየ ይቆጥራል፤ አልፈርድባቸውም፣ ምክንያቱን ስለማውቀው። ሄኖክ ግን ተመለሱ። ተመልሰውም ከአበጋዝ ክብረወርቅና ከግሩም መዝሙር ጋር ጃዝአምባ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ። ስሙን ልብ በሉት። አምባ ማለት ወጥተው የሚመሽጉበት ተራራ ነው። ለጃዝ እስከዚያን ጊዜ ሆቴል እንጂ አምባ አልነበረውም።

የትምህርት ቤቱ ቁም ነገር ምንድነው ብትሉኝ፣ መድረክና ክፍል መቀላቀላቸው ነው እላለሁ። መምህራኑ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ሄኖክ ቀን ያስተምራሉ፣ ማታ ደግሞ ግሩም በሚመራው በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ውስጥ ያንን ትልቁን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ኮንትራባስ ይይዛሉ። ያ ቡድን የአባቶቻችንን ዘመን ዘፈኖች፣ የሃምሳዎቹንና የስድሳዎቹን፣ በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በማንዶሊን ነው የመለሳቸው፤ ማንዶሊኑን የያዙት አንጋፋው አየለ ማሞ ናቸው። ለተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪም ይገባዋል። በሽተኛ ከማያይ መምህር የተማረ ሐኪምና ጠዋት ዋርድ ዞሮ ከሰዓት ከሚያስተምር መምህር የተማረ ሐኪም አንድ አይደሉም። አየለ ማሞን የመሰለ አንጋፋ፣ በርክሊ የተማረ ቤዝ ተጫዋችና ገና ጣቱ ያልደረቀ ወጣት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘፈን ላይ ሲገናኙ፣ ተሰብሮ የነበረው የመድረክ ትምህርት ቤት በሌላ መልክ ቆመ ማለት ነው።

ያ ነገር ቀላል ዕድል አልገጠመውም። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝአምባ ላውንጅ ጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። በዚያ ሳሎን የተጫወተ ሁሉ ያንን ቃጠሎ የሚያወራው እንደ ለቅሶ ነው። እንግዲህ አገራችን ውስጥ ሙዚቃ የሚማሩበት ሳይሆን ሙዚቃ የሚሰሙበት ቤት ሲጠፋ ትምህርቱም ግማሹ ይጠፋል፤ ተማሪው የሚሰማውን የሚፈትንበት ቦታ ያጣልና።

አሁን ወደኛው አገር ልምጣ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። የፖለቲካ መሣሪያ እንደነበር ማንም አይክድም፤ ግጥሞቹን ዛሬ የሚፈልጋቸው ያለም አይመስለኝም። ነገር ግን በየክፍለ ሀገሩ ስንት የገጠር ልጅ ጊታርና ቤዝ በእጁ የነካው በኪነት ምክንያት ነው! ብዙ የኋላ ዘመን ተጫዋቾችም ከዚያ ነው የወጡት። ደርግ ሲወድቅ ኪነቱ ፈረሰ፤ በቦታው የገባ ነገር ግን አልነበረም። ዛሬ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በባኮ ሠርግ ላይ የምታዩት አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ነው። ከበሮውን ማሽኑ ይመታል፣ ቤዙን የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ያንኳኳል፤ ብዙ ጊዜም ግራ እጁም ሳይሆን ማሽኑ ራሱ። ሠርገኛው ደስ ብሎት ይጨፍራል፣ እኔም እጨፍራለሁ። ግን ያ ማሽን ቤዙን አንዴ ከመረጠ በኋላ ለረገዳውም ለትዝታውም አንድ ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው። ቅድም ያልኩት ውሳኔ፣ ከሥር የትኛው ድምፅ ይቀመጥ የሚለው፣ ሰው መወሰኑን አቁሟል ማለት ነው። የወሰነው ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት አብራኝ የምትሠራ ነርስ ልጇ ቤዝ ጊታር ግዢልኝ ብሎ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። «ዶክተርዬ፣ ይኼ ነገር ሥራ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። ልጁ ከስልኩ እያየ ነው የሚለማመደው። ጊታሩ ተገዛ፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ስልኩ ላይ ያለው መምህር የአሜሪካ ብሉዝ ያስተምረዋል፣ ልጁ የሚፈልገው ግን ሰፈሩ ውስጥ የሚዘፈነውን ማጀብ ነው። የሚያርመው ሰው ለማግኘት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። መንገዱ ሰላም ያልሆነባቸውን ወራት እናንተም ታውቃላችሁ፤ በነዚያ ወራት ልጁ ስልኩን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል።

ለዚህ ነው ነገሩን በዚህ መጽሔት ላይ ያነሣሁት። አንባቢዎቹ መምህራን ናችሁ፤ ገሚሶቻችሁ ስድስት ኪሎ፣ ገሚሶቻችሁ እዚሁ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራላችሁ። ያሬድ ትምህርት ቤት ዛሬ የዩኒቨርሲቲያችን አካል ነው፤ እኛ ሐኪሞቹና እነሱ የአንድ ቤት ምሩቃን ነን። ዩኒቨርሲቲያችን ለጥላሁን ገሠሠ የክብር ዶክትሬት ሲሰጥ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ ይገባቸዋልም። ከሥር ያሉትን ግን እስካሁን በስማቸው አልጠራናቸውም። የክብር ካባ ስጡ ማለቴ አይደለም። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በአንቺሆዬ ላይ ቤዝ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ከነዚህም አንዱ ሄኖክ ናቸው፤ ይህ እውቀት ደግሞ በአብዛኛው ጣታቸው ውስጥ እንጂ ወረቀት ላይ የለም። ከሮሃና ከዋልያስ ዘመን የመጡት አርጅተዋል፤ ያረፉም አሉ። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መቅረጫ ይዞ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ አንዱን ዘፈን በሦስት ዓይነት ቤዝ አስጫውቶ «ለምን ይኼኛውን መረጡ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥናት ይወጣዋል። ደግሞም የማስተማሪያ መጽሐፍ ይወጣዋል።

«ተጫዋች እንጂ ምሁር አይደለም» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ለዚህ ሰው የምመልሰው ከዚሁ ከአምቦ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. ሲጀምር የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር፤ ልጆቹ ሞፈርና ዘር ይዘው ነው የተማሩት። ቀዶ ሕክምናም ቢሆን በሌላው ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት የጸጉር አስተካካዮች ሥራ ነበር፤ ምሁራኑ ሐኪሞች ቢላ መንካት ያሳፍራቸው ነበር። በእጅ የሚሠራ እውቀት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሁልጊዜ እንዲህ፣ በጓሮ በር ነው። ሄኖክና ጓደኞቻቸው የጓሮውን በር እንኳ አልጠበቁም፤ ውጭ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። እኛ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የተማሪ መኖሪያውን ይዘን ተቀምጠናል።

ለአምቦዎቹ መምህራን የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ትንሽ ነው። የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ክበብ አዳራሽ፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የሚጫወት መምህር፤ የመጓጓዣና የምሳ ወጪውን እኛ ምሩቃን እናዋጣለን። ሐኪሞቹን እኔ አስተባብራለሁ፤ ሦስት ሰዎች ከወዲሁ እሺ ብለውኛል። የነርሷ ልጅ ጊታሩን ይዞ ይመጣል፤ ማጉያው ግን የለውም፣ አሁን የሚጫወተው ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ እንጨት ጋር አስደግፎ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ነው።